ዘውድ አንቀጸ ሃይማኖት ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በኦርቶዶክሳውያን ወጣቶች መካከል አንድ ክርክር እየሰፋ መጥቷል። ከጉባኤ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ በጽዋ ማኅበር፣ ይልቁንም በማኅበራዊ መገናኛ ገጾች «ለኢትዮጵያ የሚበጃት ሕገ መንግሥታዊ ዘውድ ነው ወይስ ሪፐብሊክ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አንዱ የእንግሊዝን፣ የዴንማርክንና የስፔንን ምሳሌ እያነሣ በዘውድ ጥላ ሥር ዴሞክራሲ ሊያብብ እንደሚችል ያስረዳል። ሌላው ሥልጣን በደም ሊወረስ አይገባም፣ ሹመት ከሕዝብ ድምፅ ብቻ ይመነጫል ይላል። እስከዚህ ድረስ የዜጎች ውይይት ነው፤ ነውር የለበትም።

ነውሩ የሚመጣው ክርክሩ ሲሞቅ ነው። ዘውድን የሚደግፈው ወጣት «ንጉሥ የማይሻ ክርስቲያን ሃይማኖቱ ጎደሎ ነው» ማለት ይጀምራል። ሪፐብሊክን የሚደግፈውም ወንድሙን «የጭቆና ናፋቂ» ብሎ ይሰድበዋል። በአንድ መዝሙር ክፍል የሚያገለግሉ፣ ከአንድ ጽዋ የሚቀምሱ ልጆች በዚህ ምክንያት ሰላምታ እስከመነፋፈግ ሲደርሱ ዝም ማለት አይገባም። ዘውድ ይመለስ ማለት ይቻላል፤ አይመለስ ማለትም ይቻላል። «ሃይማኖቴ ይህን ያዝዘኛል» ማለት ግን ለሁለቱም አይቻልም።

ከመጽሐፍ እንጀምር። እስራኤል እንደ አሕዛብ ንጉሥ ይሁንልን ብለው በለመኑ ጊዜ ነገሩ በነቢዩ በሳሙኤል ዘንድ ክፉ ሆኖ ታየ፤ እግዚአብሔርም የናቁት ሳሙኤልን ሳይሆን እርሱን መሆኑን ነገረው (1ሳሙ. 8፥5-7)። ንጉሡ ወንዶች ልጆቻቸውን ለሰረገላው፣ ሴቶች ልጆቻቸውን ለወጥ ቤቱ እንደሚወስድ፣ ከእርሻቸውም ዐሥራት እንደሚያወጣ አስቀድሞ አስጠነቀቃቸው። ይሁን እንጂ ያው እግዚአብሔር ሳኦልን አስቀባ፣ ዳዊትን እንደ ልቤ የሆነ ሰው አገኘሁ አለ። ስለዚህ ከዚህ መጽሐፍ «ንጉሥ ኃጢአት ነው» የሚል ትምህርት የሚያወጣ ሰው ተሳስቷል፤ «ያለ ንጉሥ ሃይማኖት የለም» የሚልም እንዲሁ።

ይልቅ ብዙዎች የሚዘሉት ቦታ አለ። ኦሪት ዘዳግም ገና ንጉሥ ሳይኖር የንጉሥን ወሰን ደንግጓል፦ ፈረስ አያብዛ፣ ሚስቶችን አያብዛ፣ ብርና ወርቅ እጅግ አያከማች፣ በዙፋኑ በተቀመጠ ጊዜ የሕጉን ቅጂ ለራሱ ይጻፍ፣ ዕድሜውንም ሙሉ ያንብበው፣ ልቡም በወንድሞቹ ላይ አይኩራ (ዘዳ. 17፥16-20)። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ነገሥታት በሚናገርበት በ44ኛው አንቀጽ ይህንኑ የኦሪት ክፍል መሠረት ያደርጋል። ሕገ መንግሥታዊ ዘውድን የሚደግፉ ወንድሞቻችን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኙም፤ የሚገርመው ግን ሲከራከሩ የሚጠቅሱት የነገሥታቱን ግርማ እንጂ ይህን ወሰን አለመሆኑ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ የተመሰገነው ንጉሥ ናታን «ያ ሰው አንተ ነህ» ሲለው ነቢዩን ወደ ወኅኒ ያልላከው፣ አለቅሶ ንስሐ የገባው ዳዊት ነው።

«የእኛ ነገሥታት ግን ቤተ ክርስቲያንን አገልግለዋል» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፤ ማንም ሊክደው አይችልም። ወንጌል በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እጅ በይፋ የገባው በንጉሥ ኢዛና ቤተ መንግሥት በኩል ነው። ቅዱስ ገብረ መስቀል፣ ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ቅዱስ ላሊበላ፣ ቅዱስ ነአኩቶ ለአብ ዘውድ የደፉ ጻድቃን ናቸው፤ በዓላቸውን እናከብራለን፣ በስማቸው እንማጸናለን። ነገር ግን ታሪክ አንድ ገጽ ብቻ የለውም፤ ስንክሳራችንን የሚያነብ ሰው ሌላውንም ገጽ ያውቀዋል።

ቅዱስ አትናቴዎስ አምስት ጊዜ የተሰደደው በማን ትእዛዝ ነው? አብዛኛውን ጊዜ ክርስቲያን ነን ባሉ ቄሣሮች ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን ከመንበሩ ነቅሎ በስደት እንዲሞት ያደረገው የአርቃዴዎስና የአውዶክስያ ቤተ መንግሥት ነው። ወደ ራሳችን እምነት ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ451 ዓ.ም. የኬልቄዶንን ጉባኤ የጠሩት መርቅያንና ብርክልያ ናቸው፤ ተዋሕዶን አልለቅም ያለው አባታችን ዲዮስቆሮስም ወደ ጋግራ ተግዞ በዚያው ዐረፈ። እኛ «ተዋሕዶ» የምንባለው ሰዎች እምነታችንን የጠበቅነው የዘመኑ ታላቅ ክርስቲያን ንጉሥ እንድንተወው እያዘዘ ነው። ይህን የሚያውቅ ኦርቶዶክሳዊ «ክርስቲያን ንጉሥ የሃይማኖት ዋስትና ነው» ብሎ እንዴት ይናገራል?

በአገራችንም እንዲሁ ነው። አቡነ ፊልጶስ ዘደብረ ሊባኖስና አቡነ አኖሬዎስ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሡን ስለ ጋብቻው በመገሠጻቸው ግርፋትና ስደት እንደ ደረሰባቸው ገድላቸው ይነግረናል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ዐፄ ሱስንዮስ ከሮም መልእክተኞች ጋር ተስማምተው የካቶሊክን እምነት በዐዋጅ አስገቡ። ሰሎሞናዊው ደም በሥራቸው ነበረ፤ ቅብዐ መንግሥቱም ነበራቸው። በዚያን ጊዜ ሃይማኖትን ያቆመው ዙፋኑ አልነበረም። ገበሬው ነው፣ መነኰሳቱ ናቸው፣ እንደ እናታችን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ያሉ ሴቶች ናቸው። የንጉሡ የጦር አለቃ የነበረውን ባሏን ትታ መነነች፤ የንጉሡን ሃይማኖት አልቀበልም ብላም በግዞት ተንገላታች፤ ከቦታ ወደ ቦታ እየተሰደደችም የተከተሏትን አጽናናች። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው መንበሩን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። እዚህ ላይ ዘውዳዊው ወንድማችን «ፋሲለደስስ ንጉሥ አልነበሩምን?» ሊለኝ ይችላል። ነበሩ፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። በአንድ ዙፋን ላይ፣ በአንድ ደም፣ አባት አፈረሰ፣ ልጅ ሠራ። ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣም ዐፄ ቴዎድሮስን የቀቡት አቡነ ሰላማ በዚያው ንጉሥ እስር በመቅደላ አምባ በ1860 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

በእምነት ከእኛ የተለዩ ቢሆኑም የሩስያ ምሳሌ ሊታለፍ አይገባም። ጴጥሮስ ቀዳማዊ የተባለው ንጉሥ የሞስኮን መንበረ ፓትርያርክ ባዶ አስቀርቶ እ.ኤ.አ. በ1721 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኗን በመንግሥት በሚመራ ሲኖዶስ ሥር አዋላት። ፓትርያርክ ዳግመኛ የተሾመላት እ.ኤ.አ. በ1917 ዓ.ም. ንጉሡ ከወረደ በኋላ ነው። ወዲያው ደግሞ በዓለም ታይቶ የማይታወቅ ስደት በኮሚኒስቶች እጅ ጠበቃት። ይህን የማነሣው አንዱን ከአንዱ ለማስበለጥ አይደለም። ግሪክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. በሕዝብ ውሳኔ ዘውዷን ሽራ ሪፐብሊክ ሆነች፤ በማግሥቱ ዓመት ያወጣችው ሕገ መንግሥት ግን ለኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያን የተለየ ስፍራ ሰጥቷል። የመንግሥት ቅርጽና የቤተ ክርስቲያን ዕጣ እንደምናስበው አንድ ላይ አይጓዙም።

አሁን ወደ ራሳችን ሕገ መንግሥቶች ልመለስ፤ ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነውና። «ሕገ መንግሥታዊ ዘውድ ይመለስልን» የሚሉ ወጣቶች መመለስ የሚለውን ቃል ሊመረምሩት ይገባል። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሡ ለሕዝባቸው የሰጡት ስጦታ እንጂ ሕዝብ ለንጉሡ ያበጀው ወሰን አልነበረም፤ ምክር ቤቶቹም ሕዝብ በቀጥታ የመረጣቸው አልነበሩም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ለሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ምርጫን ፈቀደ፤ የሕግ መወሰኛውን አባላትና ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙት ግን ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም። ስለዚህ በእንግሊዝ እንዳለው ያለ፣ ንጉሥ የሚነግሥበት እንጂ የማይገዛበት ሥርዓት በኢትዮጵያ ኖሮ አያውቅም። በ1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለፓርላማ ተጠሪ የሚያደርግ ረቂቅ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሳይጸድቅ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወረዱ። የሚያስገርመው ደርግ በዚያው ዕለት ባወጣው ዐዋጅ አልጋ ወራሹን ሥልጣን የሌለው ንጉሥ ብሎ ሰይሞ ነበር። ዘውዱ በይፋ እስከ ተሻረበት እስከ መጋቢት 1967 ዓ.ም. ድረስ አገሪቱ በወረቀት ላይ ንጉሥ ነበራት፤ በተግባር ግን ጠመንጃ ገዛት። የሚፈልጉት አዲስ ነገር ከሆነ አዲስ ነው ብለው ይከራከሩ፤ ክርክራቸውም ይጠነክራል።

ያው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ቤተ ክርስቲያናችንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ደንግጓል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ምን ጊዜም የእርሷን እምነት እንዲይዙ አዝዟል። በዚህ የምንኮራ ብዙዎች ነን። ከዚያው ቀጥሎ ግን የጳጳሳት ምርጫ በንጉሠ ነገሥቱ እንዲጸድቅ፣ ከምንኩስናና ከመንፈሳዊ አስተዳደር በቀር የቤተ ክርስቲያን ደንቦችንም እርሳቸው እንዲያውጁ ይላል። ጠባቂ ሲኖርህ ቁልፉም በጠባቂው እጅ ነው።

ሪፐብሊኩስ? በዙፋኑ ፋንታ የመጣው ሥርዓት ምን እንዳደረገ ለመናገር ማስረጃ ማብዛት አያስፈልግም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የሕዝብ ስም በየዐዋጁ ነበረ፤ ሕዝቡ ግን አልተጠየቀም። እውነተኛ ምርጫ ቢኖር እንኳ የብዙኃን ድምፅ በራሱ እውነት አይሆንም፤ በጲላጦስ አደባባይ ብዙኃኑ የመረጡት በርባንን ነው (ማቴ. 27፥21)። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። አንቀጹ ምን ያህል እንደተከበረ አንባቢ ያውቀዋል። ሆኖም የተጻፈ ሕግ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን መብቷን የምትጠይቅበት ቃል ይሰጣታልና።

ሐዋርያው ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት ሁሉ ጸልዩ ብሎ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ (1ጢሞ. 2፥1-2) በሮም የነገሠው ኔሮን ነበረ። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በፋሺስት ጥይት በ1928 ዓ.ም. ሲወድቁ ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ነበሩ፤ ዙፋኑ ባዶ ነው፣ እስኪመለስ ልጠብቅ አላሉም።

እንዲያውም ከዘውዱ ጋር ቤተ ክርስቲያናችን ያልወደቀችበትን አንድ ምክንያት እናስታውስ። በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ቃለ ዓዋዲ ወጣ፤ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በየአጥቢያው ተወካዮቻቸውን መርጠው ደብራቸውን በሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ የሚያስተዳድሩበት ሥርዓት ተዘረጋ። ብዙ ሳይቆይ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ታወጀ፤ ቤተ ክርስቲያን ነገሥታት የሰጧትን መሬት አጣች። ካህኑ ከእርሻው፣ ደብሩ ከጉልቱ ተነጠለ። ያን ጊዜ የመቅደሱ ጧፍና ዕጣን ሳይቋረጥ የቀጠለው ከየቤቱ በተዋጣ የሰበካ ጉባኤ አስተዋጽኦ ነው። ምርጫው ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አልነበረም፤ ሰባቱ ዲያቆናት የተመረጡት በሕዝቡ፣ የተሾሙትም በሐዋርያት አንብሮተ እድ ነው (ሐዋ. 6፥3-6)።

በቃለ ዓዋዲው መሠረት የወጣቶች ወንበር ዛሬም አለ። በብዙ አጥቢያ ግን የምርጫው ቀን ሲደርስ ወጣቱ አይገኝም፤ የዓመቱ ሒሳብ ሲነበብ ከኋላ ቆሞ ስልኩን ይነካካል፤ በስልኩም ላይ ስለ ሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት እየተከራከረ ይሆናል። የዘውዱም የሪፐብሊኩም ደጋፊዎች በዚህ አንድ ናቸው። ለአገር የሚመኙትን ተጠያቂነት፣ ዘውዱን በሕግ መወሰንም ሆነ ሹምን በድምፅ መሻር፣ በደጃቸው ባለችው ደብር ሞክረው አያውቁም። የሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ምርጫ በደብራችሁ መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።