ለእንስሳ የምናፈስሰው እንባ፣ ለሰው የምናደርገው ጸሎት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ዓመት የጾመ ነነዌ ሰሞን ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤተሰቦቼ ዘንድ ሄጄ ሳለሁ፣ የዘጠኝ ዓመት እኅቴ «አንተ ዲያቆን አይደለህ? ታዲያ ለታጋሽ ለምን ፍትሐት አታደርግለትም?» ብላ ጠየቀችኝ። ታጋሽ በግቢያችን ለብዙ ዘመን የኖረ ኤሊ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ከበለሱ ሥር ሞቶ አግኝተነዋል። ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ ነውና በአንድ ቃል መልሼው ላልፍ አሰብሁ። ነገር ግን ዓይኖቿን ባየሁ ጊዜ፣ የምሰጣት መልስ ስለ ኤሊው ብቻ ሳይሆን ስለ እግዚአብሔርም የምታስበውን እንደሚወስን ተረዳሁ።

ታጋሽን ወደ ቤታችን ያመጡት ወንድ አያታችን ናቸው። አያታችን የባቡር ሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. በመተሐራና በአዋሽ መካከል ሲሠሩ፣ ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር ድንጋይ የለበሰ አንድ ትንሽ ኤሊ በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች መካከል ገብቶ መውጣት አቅቶት አገኙት። ባቡሩ ሳይደርስበት አንሥተው በመሣሪያ ሣጥናቸው ውስጥ ከተቱትና፣ ያን ጊዜ ናዝሬት ትባል ወደ ነበረችው ወደ አዳማ ይዘውት መጡ። ሣርና የጎመን ቅጠል ይበላል፤ የበለስ ፍሬ ሲወድቅለት ደግሞ ከአጥሩ ጥግ ድረስ ዝግ ብሎ ይመጣል። አያታችን በ2001 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ማታ ማታ እርሳቸው ይቀመጡበት በነበረው ድንጋይ አጠገብ ማደሩን አልተወም። ከእነርሱ በኋላ የተወለደችው እኅቴ አያቷን አታውቃቸውም፤ የምታውቀው ኤሊያቸውን ነው።

ከመሞቱ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል መብል ትቶ ነበር። እኛም ጾሙ ሲደርስ «የነነዌን ጾም ቀድሞ ጀመረ» እያልን ቀለድን። ታምሞ እንደ ነበረ የገባን ዘግይቶ ነው። ይህን የምጽፈው ጥፋቱ የእኔም ስለ ሆነ ነው። መናገር የማይችል ፍጥረት በእጃችን ሲኖር፣ ሕመሙን ማስተዋል የእኛ ድርሻ ነበርና።

«እንስሳ አይደለም ወይ?» ለሚሉ

እኅቴ ስታለቅስ ያዩ አንድ ጎረቤታችን «ለኤሊ ይለቀሳል እንዴ? ሰው በሚሞትበት ዘመን! ወስዳችሁ ቆሻሻው ላይ ጣሉት» አሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ብዙዎቻችን የምንለውን ነው ያሉት። ነገር ግን ይህ አነጋገር መንፈሳዊ ቢመስልም የመጽሐፍ ቅዱስ አነጋገር አይደለም።

ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ሊገሥጽ በመጣ ጊዜ የነገረውን ምሳሌ እናስታውስ (2ኛ ሳሙ. 12፥1-6)። አንድ ድኃ ከአንዲት በግ በቀር ምንም አልነበረውም። በጊቱ ከልጆቹ ጋር አድጋለች፤ ከእንጀራው ትበላ፣ ከጽዋው ትጠጣ፣ በብብቱ ትተኛ ነበር፤ እንደ ልጁም ነበረች። ነቢዩ ይህን ሲናገር በድኃው ፍቅር አልዘበተም። ዳዊትም «ለአንዲት በግ ይህን ያህል?» አላለም፤ ይልቁንም ቁጣው ነደደ። ድኃው በጊቱን መውደዱ በነቢዩ አፍ ነቀፋ ካላገኘ፣ አንዲት ሕፃን ለኤሊዋ በማልቀሷ የምንነቅፋት እኛ ማን ነን?

ጾመ ነነዌም ራሱ ምስክር ነው። በነነዌ የጾመው ሰው ብቻ አልነበረም፤ እንስሳቱም ከመብልና ከውኃ ተከልክለዋል (ዮናስ 3፥7)። ትንቢተ ዮናስ የሚፈጸመውም እግዚአብሔር ለሕዝቡ ብቻ ሳይሆን በከተማዪቱ ላሉት ብዙ እንስሳትም እንደሚራራ በመናገር ነው (4፥11)። ሰሎሞንም የጻድቅ ሰው ምልክት ለእንስሳው ነፍስ መራራቱ እንደ ሆነ ይነግረናል (ምሳ. 12፥10)። ጦብያ ረጅሙን መንገድ ሲሄድ ውሻው መከተሉ እንኳ ሳይጻፍ አልቀረም። በአባቶቻችን ገድልም ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከስድሳ አናብስትና ከስድሳ አናምርት ጋር የኖሩ ናቸው። ሥዕላቸውን በየቤተ ክርስቲያኑ እየተሳለምን በግቢያችን ለሚኖረው ፍጥረት ደንዳኖች ብንሆን፣ ሥዕሉን አየነው እንጂ አላነበብነውም።

ፍትሐት ግን ለምን ለሰው ብቻ ሆነ?

በሌላ በኩል፣ በዘመናችን ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ስሕተት እየመጣ ነው። አንዳንድ ወጣቶች ውሻቸው ወይም ድመታቸው ሲሞት በማኅበራዊ ሚዲያ ፎቶውን ለጥፈው «ነፍሱን በገነት ያኑርልን» ሲሉ፣ አርባውን ሲቆጥሩ እናያለን። ኀዘናቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ያለ ቦታው ማዋል ሟቹን እንስሳ አያከብረውም፤ ሥርዓቱን ግን ያቀለዋል።

በሥነ ፍጥረት ትምህርታችን እንደምንማረው፣ እንስሳት በደመ ነፍስ ሕያዋን ናቸው። የሰው ነፍስ ግን ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ከሥጋ ከተለየችም በኋላ በሕይወት ትኖራለች። በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል የተፈጠረ፣ ትእዛዝ የተቀበለ፣ ትእዛዝም ያፈረሰ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ፍርድም፣ ምሕረትም፣ ትንሣኤ ሙታንም የሚነገረው ለሰው ነው።

ይህን ሁሉ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዴት ልንገራት? ጥቂት ካሰብሁ በኋላ እንዲህ አልኋት፦ «ፍትሐት ማለት መፍታት ማለት ነው። የሞተው ሰው ከኃጢአት ማሰሪያ እንዲፈታ የምንጸልየው ጸሎት ነው። ታጋሽ ኃጢአት ሠርቶ ያውቃል?»

«አያውቅም» አለች።

«ታዲያ ከምን ይፈታ?»

ዝም ብላ አሰበችና፣ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ በራ። ፍትሐት የማይደረግለት ስለ ተናቀ ሳይሆን ስለማያስፈልገው እንደ ሆነ ገባት። «በሰማይ እናገኘዋለን?» ብላም ጠየቀችኝ። እግዚአብሔር ያልነገረንን ተስፋ ከራሴ ፈጥሬ አልሰጠኋትም። ፍጥረት ሁሉ ከጥፋት ባርነት ነጻ መውጣትን በናፍቆት እንደሚጠባበቅ ቅዱስ ጳውሎስ እንዳስተማረ (ሮሜ 8፥19-22)፣ አንዲት ወፍም ያለ አብ ፈቃድ ወደ ምድር እንደማትወድቅ ጌታችን እንደ ተናገረ (ማቴ. 10፥29) ነገርኋት። ታጋሽን የፈጠረው ታጋሽን አይረሳውም። ከዚህ በላይ ያለውን ለእርሱ መተው እምነት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

እኛ ያደረግነው ይህን ነው። ከበለሱ ሥር ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። መስቀል አልተከልንም፣ ጸሎተ ፍትሐትም አላደረስንም። ለሃምሳ ዓመት ያህል በቤታችን ያኖረውን አምላክ አመስግነን አቡነ ዘበሰማያት ደገምን፤ እኅቴም ከሐዲድ ዳር የመጣ ጠፍጣፋ ድንጋይ አኖረችበት። ይህ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ። ወላጆች ሆይ፣ የልጆቻችሁን እንስሳ በስውር አትጣሉ፤ «ጠፋ» ብላችሁም አትዋሹ። ልጅ ሞትን በጥቂቱ ተምሮ፣ እውነትን ከእናንተ አፍ ቢሰማ ይሻለዋል።

ወጣቶች ሆይ፣ የሞተውን እንስሳ ለማሰብ የምትሹ ከሆነ ሕያዋኑን አስቡ። ከአቅሙ በላይ ተጭኖ የሚገረፈውን አህያ አይታችሁ አትለፉ፤ የጠላት አህያ እንኳ ከሸክሙ በታች ቢወድቅ እንድናነሣው ታዝዘናል (ዘጸ. 23፥5)። አያታችን ያንን ኤሊ ከሞት አድነውታል፤ ዛሬ ግን የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ከቦታው አንሥቶ ወደ ቤት ማምጣት ሕግም አይፈቅድም፣ ፍቅርም አይደለም። ከሐዲዱ ላይ አንሥቶ ወደ ጫካው መመለስም ርኅራኄ ነው።

የጽሑፌ ዋና ነገር ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ቀብረን ስንጨርስ እናታችን የሐዲዱን ታሪክ ለእኅቴ ተረከችላት። እኅቴም አድምጣ ስታበቃ «ለአያቴስ ፍትሐት ያስፈልጋቸዋል?» ብላ ጠየቀች። እናታችን ወደ እኔ አየች፤ እኔም ወደ መሬት አየሁ። አርባቸውንና ሰማንያቸውን፣ ሙት ዓመታቸውንም አውጥተናል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ኑሮ ከበደ፣ እኔም ለትምህርት ራቅሁ፤ ስማቸው በቤተ ክርስቲያን ሳይጠራ ብዙ ዓመት አለፈ። ኤሊያቸውን በየዕለቱ ስንቀልብ ነፍሳቸውን ረስተናል። እኔ በቅዳሴ ቆሜ ስለ ሙታን ሁሉ ጸሎት ሲደርስ ተሰጥኦ እየመለስሁ፣ የገዛ አያቴን ክርስትና ስም ለካህኑ አልሰጠሁም።

በማግሥቱ እሑድ ሦስታችንም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እኅቴ የአያታችንን ክርስትና ስም በወረቀት ጽፋ በእጇ ይዛ ነበር፤ ለካህኑም የሰጠችው እርሷ ናት። ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ዳቦ ለነዳያን አካፈልን። ድግስ አልነበረም፤ ተዝካር ድግስ ብቻ የመሰለን ስለ ሆነ ነበር ለዓመታት ያስቀረነው።

የተወደዳችሁ ሆይ፣ ለምትወዱት እንስሳ አልቅሱ፤ ዕንባችሁ አያሳፍርም። ነገር ግን ከልቅሶው ስትነሡ፣ በቤታችሁ ስሙ ሳይጠራ የቀረ ማን እንደ ሆነ ጠይቁ። ያ ኤሊ ለሃምሳ ዓመት ያህል የአያታችንን ትዝታ በጀርባው ተሸክሞ ኖረ። የእርሱ ድርሻ ያ ነበር፤ ጸሎቱ ግን የእኛ ነው።

የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።