የእንግዳ ክፍል ኪራይና የቤት መዝገብ



በጉና ተራራ አጠገብ የምትገኘው ደብረ ታቦር የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ እንደ መሆኗ መጠን እንግዳ አይታጣባትም። ለቡሄ በዓል የሚመጣው፣ ልጁን ከዩኒቨርሲቲው ለማስመረቅ የሚመጣው፣ በፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚመላለሰው ባለጉዳይ ሁሉ ማደሪያ ይሻል። ስለዚህ ትርፍ ክፍል ያለው ቤተ ሰብ ለጥቂት ቀናት ወይም ለጥቂት ወራት አከራይቶ ለኑሮው መደጎሚያ ያገኛል። በዚህ ወር የምንመክረው ከዚህ ገቢ ላይ ስለሚከፈለው ግብር ነው።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 97 እንደ ደነገገው፤ በክልል ውስጥ ካሉ የግል ቤቶች ገቢ ላይ ግብር የሚጥለውና የሚሰበስበው ክልሉ ነው። ስለዚህ የደብረ ታቦር አከራይ የሚያስታውቀው ለከተማው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው። በፌዴራሉ የገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 979/2008 የቤት ኪራይ በ«ሠንጠረዥ ለ» ይመደባል፤ የግለሰብ የግብር ዓመትም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይቈጠራል። ቤቱ ከነአልጋውና ከነዕቃው የተከራየ እንደ ሆነ የዕቃው ኪራይ አብሮ ይታሰባል። የተከራየውን ቤት መልሶ የሚያከራይ ሰው ደግሞ የሚከፍለው በሁለቱ ኪራዮች ልዩነት ላይ ነው። አልጋ በየሌሊቱ ማከራየትን ሙያው ያደረገ ግን ነጋዴ ነውና የንግድ ፈቃድ አውጥቶ እንደ ነጋዴ ይስተናገዳል።

ግብሩ ከተቀበሉት ብር ሁሉ ላይ አይደለም። በ2008ቱ ዐዋጅ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ለሌለበት አነስተኛ አከራይ ከጠቅላላው ኪራይ 50 በመቶው ለጥገናና ለቤቱ እርጅና ይቀነስለታል፤ በዓመት 60,000 ብር ያገኘ ሰው ግብሩ የሚታሰበው በ30,000 ብር ላይ ነው ማለት ነው። ከግብር ነጻ የሆነው የዓመት ገቢም በዚያ ዐዋጅ 7,200 ብር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ 24,000 ብር አድርሶታል። በክልሉ የሚሠራበትን መጣኔና የማስታወቂያውን ቀን ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቆ መረዳት ይገባል።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚበልጠው የቤቱ መዝገብ ነው። ማስረጃ ያላቀረበ ግብር ከፋይ በግምት ሊወሰንበት ይችላልና። አንዲት እናት ክፍላቸውን በቡሄና በምርቃት ሰሞን ለ12 ሌሊት በ400 ብር ቢያከራዩ የሚያገኙት 4,800 ብር ነው። ገማቹ ግን በዚያ ሰሞን ክፍሉ ተይዞ አይቶ ዓመቱን ሙሉ የተያዘ ቢመስለው 146,000 ብር ይሆናል፤ ይህም ከእውነቱ 30 እጥፍ ይበልጣል። ባዶ ያደሩትን ሌሊቶች ሊመሰክርላቸው የሚችለው ቀኑ፣ የእንግዳው ስምና የተከፈለው ገንዘብ የተጻፈበት ደብተር ብቻ ነው። በታክስ አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ውሳኔውን ያልተቀበለ ሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ያቀርባል፤ ነገር ግን ደብተር የሌለው ምን ይዞ ይቀርባል?

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። አንዳንድ አዛውንት ይህን «ይወረሳል» በሌላ ትርጉም ሰምተው መጻፍን ይፈራሉ። አይፈረድባቸውም፤ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ተወርሰው ነበርና። ዛሬ ግን ግብር መክፈል ቤትን ማስወረስ አይደለም፤ እንዲያውም ደረሰኙ ለባለቤትነት አንድ ተጨማሪ ምስክር ነው።

ኪራዩን አሳንሶ በውል መጻፍም ብልኀት አይደለም። ተከራዩ ቀሪውን አልከፍልም ያለ ቀን፤ በዳኛ ፊት የሚነበበው የተጻፈው ነው። እንግዲህ አንድ ደብተር ገዝታችሁ ከሣጥኑ አኑሩ፤ እንግዳው ሳይወጣም ጻፉ። ፊደል የቈጠረው ልጅ ይርዳችሁ፤ እርሱም ቤቱ በምን እንደሚተዳደር ይማርበታል።