ያመነችው ድምፃችሁን ነበር

ለክብደት መቀነሻ ሻይ፣ ኪኒንና ዱቄት ድምፃቸውንና ፊታቸውን ለሚሰጡ የሬዲዮና የቴሌቪዥን አዘጋጆች፣ ተዋንያንና ቲክቶከሮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሰፈር ፋርማሲ እሠራለሁ። ብዙዎቻችሁን በአካል ባላገኛችሁም ድምፃችሁን አውቀዋለሁ፤ ጠዋት በሩን እንደከፈትኩ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ሬዲዮ መክፈት ነው። ለሻጮቹ መጻፍ እችል ነበር። ግን አድራሻቸው የቴሌግራም ስም ብቻ ነው፤ ነገር ሲበላሽ ስሙን ይዘጉትና በሌላ ስም ይመጣሉ። እናንተ ግን ሰው የሚያውቀው ስም አላችሁ፤ ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣውም ያንን ስም አምኖ ነው። ስለዚህ ለእናንተ ጻፍኩ።

ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን በወለደች ጊዜ ቤቱ ገንፎ፣ አጥሚትና ቅቤ በቅቤ ነበር። «ብዪ እንጂ፣ አራስ አይደለሽም እንዴ!» እያሉ ሲያጎርሷት የነበሩ ዘመዶች፣ በሰባተኛው ወር አንድ ሰርግ ላይ ሲያገኟት ደግሞ «ውይ፣ ቦርጩ ግን እምቢ አለ?» አሏት። ያን ዕለት ማታ አለቀሰች። በማግስቱ አንዲት ከልጅነቷ ጀምሮ የምትወዳት አዘጋጅ ኩባያ ይዛ «እኔ ራሴ የምጠጣው ነው፤ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ምንም ጉዳት የለውም» ስትል ስልኳ ላይ አየች። ወደ ሻጩ ጽፋ «አጠባለሁ፣ ችግር አለው?» ብላ ጠየቀች። «ምንም ችግር የለውም የኔ ቆንጆ» የሚል መልስ መጣላት። ሻዩም በሞተር ደረሰላት።

በዘጠኝ ቀን ሦስት ኪሎ ቀነሰች። እኔም «አምሮብሻል» ብያታለሁ፤ ይህን ሳስታውስ ዛሬም ያመኛል። በአሥራ አንደኛው ቀን ሌሊት ልጇ ሲያለቅስ ልታነሳው ብድግ እንዳለች ወደቀች። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ በደሟ ውስጥ ያለው ፖታስየም አሽቆልቁሎ የልብ ምቷ ተዛብቶ ነበር። ሐኪሙ «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ሲላት «ምንም የለም» አለች። አልዋሸችም። ሻይ ከመድኃኒት ይቆጠራል ብላ አስባ አታውቅም።

ጥቅሉን ያገኘሁት ወጥ ቤት፣ በስኳሩና በቡናው ዕቃ መካከል ነው። ላዩ ላይ የአረንጓዴ ቅጠል ሥዕል፣ ሁለታችንም የማናነበው የባዕድ ፊደልና «ቦርጭ ማጥፊያ፣ 100% ተፈጥሯዊ» የሚል የአማርኛ ስቲከር አለው። ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሚያበቃና ውስጡ ምን እንዳለ የሚናገር አንድ መስመር አልነበረበትም።

እንዲህ ባለ ሻይ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው ቅጠል እናቶቻችን በደንብ የሚያውቁት ሰናመኪ ነው። ሆዱ ለደረቀበት ሰው ለጥቂት ቀን ቢሰጥ የታወቀ፣ ጥሩ መድኃኒት ነው። የሚሠራው ግን ትልቁ አንጀት ላይ ነው። ምግቡ እዚያ ሲደርስ ስኳሩም ስቡም ቀደም ብሎ በቀጭኑ አንጀት በኩል ወደ ደም ገብቷል። ሰናመኪ የሚያስወጣው ውሃና ጨው ብቻ ነው። ሚዛኑ ላይ የቀነሰው ኪሎም ውሃ ነው፤ ሻዩ በተቋረጠ በጥቂት ቀን ውስጥ ይመለሳል። ገዢዋም «ስተወው ወፈርኩ» ብላ እንደገና ትገዛለች። ከውሃው ጋር የሚወጣው ፖታስየም ነው ልብን የሚያውከው። ብርቱ ተቅማጥ የወሊድ መከላከያ ኪኒን በወጉ ወደ ደም እንዳይገባ ሊያደርግ እንደሚችል ደግሞ ከሻዩ ጋር ማንም አይነግራትም።

ይህ ግን ቀላሉ ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላው ነው።

አንዳንድ ደንበኞች «ይሄን ከጀመርኩ የምግብ ፍላጎቴ ጥፍት አለ» እያሉ በደስታ ያወሩኛል። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ እኔ እጠይቃቸዋለሁ። አፍሽ ይደርቃል? አዎ። እንቅልፍስ? የለም። ልብሽ ይመታል? እንዴት አወቅሽ! ይሉኛል። ሻጩ ይህን ሁሉ «መርዙ እየወጣ ነው፣ ቻል አድርጊው» ብሎ ተርጉሞላቸዋል። የሻይ ቅጠል ብቻውን የሰውን ረሃብ እንዲህ ድራሹን አያጠፋም። እነዚህ ምልክቶች ሲቡትራሚን የተባለ መድኃኒት ከሚያመጣቸው ምልክቶች ጋር ይመሳሰላሉ።

ሲቡትራሚን በአንድ ወቅት በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ሕጋዊ የክብደት መቀነሻ ነበር። አእምሮ ውስጥ ገብቶ የጥጋብ ስሜት ይሰጣል፤ በዚያው ልክ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ የልብ ሕመም ወይም ስኳር ያለባቸው 10,000 ያህል ሰዎችን ለዓመታት በተከታተለ ጥናት፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶው 11.4፣ ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ከመቶው 10 የሚሆኑት ለልብ ጥቃት፣ ለስትሮክ ወይም በልብ ምክንያት ለሚመጣ ሞትና ለመሳሰለው አደጋ ተዳርገዋል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን አውሮፓም አሜሪካም መድኃኒቱን ከገበያ አወጡት። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ «ከዕፅዋት የተሠራ» ተብለው በሚሸጡ የማቅጠኛ ሻዮች፣ ቡናዎችና እንክብሎች ውስጥ ይኸው ሲቡትራሚን ተደብቆ እየተገኘ መሆኑን ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ከሐኪም እጅ የተነጠቀው መድኃኒት ስሙን ሸሽጎ በሻይ ከረጢት ተመልሷል ማለት ነው። የደም ግፊት ያለባት እናት እናንተን ሰምታ እሱን ስትጠጣ፣ ምን እንደጠጣች እሷም ሐኪሟም አያውቁም።

በማዕረግና በማኅተም የተሸጠ መድኃኒት እንኳ ሰው ጨርሷል። ፈረንሳይ ውስጥ ሜዲያቶር የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 2009 ሲሸጥ ኖረ። ለስኳር ሕሙማን ነው የተባለው፤ ብዙ ሰው ግን ለመክሳት ወሰደው። አምስት ሚሊዮን ያህል ሰው ውጦታል፤ የልብ ክዳኖችን ያበላሽ ነበር፤ የገደላቸው ሰዎች በመቶዎች፣ ምናልባትም ከሺህ በላይ እንደሆኑ ይገመታል። ነገሩን ይፋ ያወጣችው ብሬስት በምትባል ከተማ የምትሠራ ኢሬን ፍራሾን የተባለች የሳንባ ሐኪም ናት። ሕመምተኞቿን «ምን ወስደሻል?» ብላ ጠየቀች፤ መልሱን ሰምታም ዝም አላለችም። እ.ኤ.አ. በ2021 የፓሪስ ፍርድ ቤት አምራቹን ሰርቪዬን ጥፋተኛ አለው፤ ቸልተኛ የነበረውን የአገሪቱን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በገንዘብ ቀጣ። ያ መድኃኒት የፋብሪካ ስም፣ የምርት ቁጥርና የሐኪም ፊርማ ነበረው፤ ተጠያቂውን ማግኘት የተቻለው ለዚህ ነው። በእህቴ ወጥ ቤት የነበረው ጥቅል ከእነዚህ አንዱም አልነበረውም።

ገንዘቡ እንደሚያስፈልጋችሁ አውቃለሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ስንት የምንወደው ፕሮግራም ስፖንሰር አጥቶ እንደተንገዳገደ እኛ አድማጮችም አይተናል። የስቱዲዮ ኪራይ አለ፣ ልጆች አሉ። ቢራ ግን ቢራ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ እናት ለልጇ እያጠባች ምን እንደምትጠጣ አትሳሳትም። እዚህ የምትሸጡት ነገር ማንነቱ የተሸሸገ ነው። «እኔ ራሴ እጠጣዋለሁ» የሚለው ቃል ደግሞ ከማስታወቂያ ያልፋል፤ ምስክርነት ነው። እኛ አገር ምስክርነት በእግዜር ስም የሚሰጥ ነገር ነው።

ክብደት መቀነስ ከንቱ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። ጉልበቷ ሸክሙን መቻል ያቃተው፣ ስኳሯ የጨመረ ሴት በየቀኑ ፊቴ ትቆማለች፤ እርዳታ ይገባታል። ከሐኪም ጋር የሚወሰዱ መድኃኒቶችም አሉ። አሁን ስማቸው የገነነው እንደ ኦዜምፒክ ያሉ መርፌዎች እውነተኛ መድኃኒቶች ናቸው፤ ስለሚፈለጉም አስመስሎ ሠሪዎቹ ደርሰውባቸዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 በሐሰተኛ ኦዜምፒክ ላይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ለዚህ ነው። በቴሌግራም ከሚመጣ መርፌ እባካችሁ ስማችሁን አርቁ።

ስለ ቀስ ባለው መንገድ ብታወሩልን ግን ስንቱን ታድኑ ነበር! እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ይፋ የሆነ ጥናት ስኳር በሽታ አፋፍ ላይ የነበሩ ከ3,000 የሚበልጡ ሰዎችን አሳትፎ ነበር። አንዱ ቡድን ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተመከረ። ይህ ቡድን በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሉ በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት ደግሞ በ31 በመቶ። 80 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 7 በመቶ ማለት አምስት ኪሎ ተኩል ግድም ነው። ከሰርግ በፊት ሊያልቅ አይችልም፤ ወራት ይፈጃል። የቬሎ ልኳን አይቀይረው ይሆናል፤ ዕድሜዋን ግን ይቀይረዋል።

የእኛን ማዕድ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አንዲት ደንበኛዬ «በጾም ወፈርኩ» ብላኝ ግራ ገብቷት ነበር። ስንቆጥረው የጾሙ ሳምቡሳና ፓስቲ፣ በዘይት የሚዋኘው ሽሮ፣ ከሰዓት በኋላ የሚጠጣው ለስላሳ፣ በየሻዩ ሦስት ማንኪያ ስኳር ወጣ። የጎመኑና የምስሩ ማዕድ ግን ከየትኛውም የውጭ ዱቄት የሚበልጥ ነው። ለስላሳውን በውሃ ቀይራ፣ ዘይቱን አሳንሳ፣ ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድማ እየወረደች መሄድ ጀመረች። በአራት ወር አራት ኪሎ። ማንም አላስተዋለላትም፤ የደም ግፊት መለኪያዋ ግን አስተውሏል። እንዲህ ያለችውን ሴት እንግዳ አድርጋችሁ አንድ ሰዓት ብትሰጧት ሰው ይሰማታል።

እህቴ ዛሬ ደህና ናት። ልጇም እየዳኸ ነው። ያንን ቪዲዮ የሠራችውን አዘጋጅ አሁንም ትወዳታለች፤ «እሷም ሳታውቅ ነው» ትላለች። እኔም እንደዚያው ብዬ ለማመን እፈልጋለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ካነበባችሁ በኋላ ግን አላወቅንም ማለት እንዳይኖር ብዬ ነው የጻፍኩት።

የሚቀጥለው ሻይ ከነውሉ ሲመጣላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ውስጡ ያለውን ነገር ስም በጽሑፍ ጠይቁ። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መዝግቦት እንደሆነ ራሳችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ሻጩ በሚያሳያችሁ ፎቶ አትርኩ። ያንን ስም ይዛችሁ አጠገባችሁ ወዳለ ፋርማሲ ጎራ በሉ። የእኔ ፋርማሲም ቢሆን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ሬዲዮኑም እንደተለመደው በርቶ ታገኙታላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ
አዲስ አበባ