ማን ይሸኝ፣ ማን ይቆይ?

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ክለቦች ዓመት የሚለወጠው በመስከረም ሳይሆን በሰኔ 30 ነው። የብዙው ተጫዋች ውል የሚያልቀው በዚያ ቀን ሲሆን፣ የከተማ አስተዳደሮች አዲስ በጀት የሚጀምረው በማግስቱ ሐምሌ 1 ነው። ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ ዝውውር ይሆናል። እገሌ ፈረመ፣ እገሌ መልቀቂያውን ወሰደ፣ እገሌ ከሁለት ክለብ ጋር እየተደራደረ ነው ይባላል። ዋንጫ ያነሳው ቡድን በዚህ ሰሞን ብዙም አይጨነቅም። ላለመውረድ ሲታገል የከረመው ግን ከባዱን ጨዋታ የሚጫወተው ያን ጊዜ ነው፤ ማንን መሸኘት፣ ማንን ማቆየት እንዳለበት የሚወስነው ሜዳ ላይ ሆኖ ሳይሆን ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ከተሞች ይህን ፈተና ከማንም በላይ ያውቁታል፤ በተለይም ሰበታ። ሰበታ ከተማ በ2012 ዓ.ም. በፕሪምየር ሊጉ ሲጫወት አሠልጣኙ ውበቱ አባተ ነበር። ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ሳይጠናቀቅ ተሰረዘ። በ2013 መጀመሪያ ውበቱ ብሔራዊ ቡድኑን ሊያሠለጥን ሄደ፤ በብሔራዊ ቡድኑ ውሉ ያለቀው አብርሃም መብራቱ ደግሞ ወደ ሰበታ መጣ። ሁለቱ ወንበር የተለዋወጡ ያህል ነበር፤ ለአንድ የከተማ ክለብም ትልቅ ክብር ነው። በ2014 ግን ሌላ አሠልጣኝ ተተካ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሰበታ ከጅማ አባ ጅፋርና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር ከሊጉ ወረደ።

አሠልጣኝ ወደ አዲስ ክለብ ሲመጣ ሻንጣውን ብቻ ይዞ አይመጣም፤ የሚያምናቸውን ልጆችም ያስከትላል። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። አሠልጣኝ በየዓመቱ ሲለወጥ ግን የቡድኑ ስብጥር አብሮ ይለወጣል። የአንዱን አጨዋወት የለመደው አማካይ ለሌላው እንግዳ ይሆናል፣ ተከላካዩም ከግብ ጠባቂው ጋር ሳይግባባ ዓመቱ ያልቃል። በእንዲህ ዓይነት ክለብ ‘ማን ይቆይ?’ የሚለው ጥያቄ በቅጡ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ‘አዲሱ አሠልጣኝ ማንን ይፈልጋል?’ የሚለው ብቻ ነው፤ እሱም በሚቀጥለው ዓመት ላይኖር ይችላል።

የዙሪያው ከተሞች ታሪክ በሰበታ አላበቃም። ለገጣፎ ለገዳዲ በ2014 ማብቂያ ወደ ፕሪምየር ሊግ አደገ፤ በ2015 ማብቂያ ወረደ። ከለገጣፎ ጋር በአንድ ክረምት ያደገው የኢትዮጵያ መድን ደግሞ በሊጉ ቆይቶ በ2017 ዓ.ም. የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። የሁለቱ መነሻ አንድ፣ መድረሻቸው ግን ለየቅል ነው። እርግጥ መድን ከጀርባው ቋሚ ገቢ ያለው ድርጅት አለ፤ የከተማ ክለብ ግን ካዝናው ከመንገድ፣ ከውኃና ከትምህርት ቤት ጋር የሚሻማ ነው። ይህን ልዩነት መርሳት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሆኖም መድንን ሻምፒዮን ያደረገው ገብረመድህን ኃይሌ ከዚያ ቀደም በ2010 ጅማ አባ ጅፋርን፣ በ2011 መቐለ 70 እንደርታን ለዋንጫ ያበቃ ሰው ነው። በጅማና በመቐለ አንድ አንድ ዓመት በቅቶታል፤ በመድን ግን ዋንጫው የመጣው ክለቡ ወደ ሊጉ ከተመለሰ በሦስተኛው ዓመት ነው።

እዚህ ላይ ጅማ የተለየ ትኩረት ይገባዋል፤ ምክንያቱም ‘ሰብስብና አሸንፍ’ ለሚሉት ሁሉ ዋናው ማስረጃቸው እሱ ነው። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪምየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010፣ ሻምፒዮን ሆነ። ናይጄሪያዊው አጥቂ ኦኪኪ አፎላቢ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ጨረሰ። እንግዲህ ሰብስቦ ማሸነፍ ይቻላል ማለት ነው። ግን ቀጥሎ የሆነውም መነገር አለበት። ኦኪኪ በዚያው ክረምት ወደ ግብፁ ኢስማኢሊ አቀና፣ አሠልጣኙም ወደ መቐለ ሄደ። ዋንጫው ከመጣ አራት ዓመት ሳይዘል ጅማ ወረደ። አንድ አጥቂ በመሸጡ ክለብ አይወርድም። አጥቂው ሲሄድ የሚተካው ሰው አስቀድሞ ካልተዘጋጀ ግን የአንድ ዓመት ደስታ የብዙ ዓመት ዕዳ ይሆናል።

ደካማ ቡድን ማንን መሸኘት እንዳለበት በዓለም ላይ በጣም የተጠና ነገር ያለው በአሜሪካ ቤዝቦል ነው። እዚያ ክለቦች እስከ ሐምሌ ማብቂያ አካባቢ ድረስ ተጫዋች በተጫዋች ይለዋወጣሉ፤ ተስፋ የቆረጠው ክለብ ውድ ኮከቦቹን ለሌሎች ሰጥቶ ወጣቶችን ይወስዳል። ሂውስተን አስትሮስ የሚባለው ክለብ በ2011 እ.ኤ.አ. ከ162 ጨዋታ 106ቱን፣ በቀጣዩ ዓመት 107ቱን፣ በ2013 ደግሞ 111ዱን ተሸነፈ። በእነዚያ ዓመታት ስም ያላቸውን እየሸኘ፣ በቁመቱ ማጠር ብዙዎች የናቁትን ቬንዙዌላዊ ሆዜ አልቱቬን ግን አቆየ። በ2017 እ.ኤ.አ. አስትሮስ ሻምፒዮን፣ አልቱቬም የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። (ክለቡ በዚያ ዓመት የተጋጣሚዎቹን ምልክት በካሜራ ሲሰርቅ እንደነበር በኋላ ተደርሶበት ተቀጥቷል፤ ሙገሳው ከዚህ ጋር ይነበብ።) ያው ክለብ ግን በመጋቢት 2014 እ.ኤ.አ. ጄ ዲ ማርቲኔዝ የሚባል ተጫዋቹን ያለ ምንም ካሳ ለቀቀው። ማርቲኔዝ በዚያው ዓመት ለዲትሮይት ታይገርስ 23 ጊዜ ኳሷን ከሜዳ አጥር ውጭ መትቶ አወጣ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ነው፤ በሒሳብና በኮምፒውተር የሚመራው ክለብ እንኳ ከዚህ አላመለጠም።

በእግር ኳስ ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የቤዝቦል ተጫዋች ሳይጠየቅ ከከተማ ከተማ ሊላክ ይችላል፤ እግር ኳስ ተጫዋች ካልተስማማ ዝውውር የለም። ስለዚህ እዚህ ክለቡ ብቻውን መራጭ አይደለም፣ ተጫዋቹም ክለቡን ይመርጣል። ሲመርጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው ደመወዙ በወቅቱ ይገባ እንደሆነ ነው።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። የፊፋ የዝውውር ደንብ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ አሁንም ካልተከፈለው ውሉን በሕጋዊ ምክንያት እንዲያፈርስ ይፈቅድለታል። እንግዲህ ደመወዝ የሚያቆይ ክለብ ‘እነ እገሌን እናቆያለን’ ብሎ መወሰኑ ከንቱ ነው። ገበያ ያለው ተጫዋች ይሄዳል፣ የሚቀረው ሌላ ቦታ የማይፈልገው ነው። በእንዲህ ያለ ክለብ የሚሸኘውንና የሚቆየውን የሚመርጠው አሠልጣኙ ሳይሆን የተዘጋው የሒሳብ ክፍል በር ነው። በሊጋችን ልምምድ ያቆሙ፣ ቅሬታቸውን ይዘው ወደ ፌዴሬሽን የሄዱ ተጫዋቾች ወሬ እንግዳ አይደለም። ሜዳ ላይ ‘አልሮጡም’ ተብለው የሚሰደቡት ልጆች አንዳንዴ የቤት ኪራይ ሳይከፍሉ የሚሮጡ ናቸው።

የገንዘቡ ነገር ሌላም ገጽ አለው። በ2011 ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። ከጠረጴዛ ሥር ስለሚሰጠው ገንዘብ የሚወራው ግን ከዚያም ወዲህ አልቆመም። በኋላ የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ክለብ ለተጫዋቾች የሚያወጣውን ጠቅላላ ክፍያ የሚገድብ የፋይናንስ መመሪያ አመጣ። ይህ ለድሃ ክለብ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚጠቅም ነው። ጠቅላላ ጣሪያ ካለ አንድ ትልቅ ስም ማስፈረም ሦስት ወጣቶችን መተው መሆኑ በወረቀት ላይ ይታያል።

ታዲያ ማን ይሂድ? መጀመሪያ መሸኘት ያለበት በየዓመቱ ክለብ የሚቀያይረው፣ ዕድሜው የገፋ፣ ደመወዙ ግን በትናንት ስሙ የሚተመነው ተጫዋች ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከቡድኑ ጋር ቢወርድ የሚጎዳው ነገር የለም፤ ሐምሌ ላይ ለሌላ ክለብ ይፈርማል። ከእነዚህ መካከል አንድ ወይም ሁለት፣ ልምምድ ቦታ ቀድሞ የሚደርስና ታናናሾቹን የሚመክር ከተገኘ ይቆይ። አምስትና ስድስት ከሆኑ ግን መካሪዎቹ ከተመካሪዎቹ በዙ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ በአጋማሽ ዓመቱ የዝውውር መስኮት በድንጋጤ የሚመጣው ነው። በመጀመሪያው ዙር ወራጅ ቀጠና ውስጥ የገባ ክለብ በዚህ መስኮት አራትና አምስት ሰው አስፈርሞ ይድናል ብሎ ማመን ለደላላ ካልሆነ ለማንም አይበጅም።

ማን ይቆይ ለሚለው ደግሞ መልሱ ግብ ጠባቂውና የመሐል ተከላካዮቹ ናቸው፤ መግባባት በአንድ ክረምት አይገዛም። ቀጥሎ ከሃያ አንድ ዓመት በታች ያሉት። ለእነዚህ የሚሰጠው ውል የአንድ ዓመት መሆን የለበትም። የፊፋ ደንብ ውል እስከ አምስት ዓመት፣ ዕድሜው 18 ላልሞላ ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት ይፈቅዳል። የከተማ ክለቦቻችን ግን ከበጀት ዓመት የማይሻገር ውል ስለሚወዱ ያሳደጉትን ልጅ ሰኔ 30 ላይ ያለ አንድ ብር ይሸኙታል።

አጥቂ ግን ዋጋው ሲጨምር ይሸጥ! ኢትዮጵያ ቡና ይህን በሚገባ አሳይቷል። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. በአንድ የውድድር ዘመን 29 ግብ አስቆጥሮ የጌታነህ ከበደን የ25 ግብ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ቡናም ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲመጣ ልጁ በክለቡ ውል ሥር ስለነበር ደቡብ አፍሪካውያኑ ከቡና ጋር መደራደር ነበረባቸው። ውሉ ያለቀ ቢሆን ኖሮ ለቡና የሚደርሰው ምስጋና ብቻ ነበር።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች የዙሪያው ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። በሸገር ከተማ ስም የሚጫወተው ክለብም በ2017 ወደ ፕሪምየር ሊግ አደገ። ከዚህ ቀደም ቡራዩ ከተማም ሱሉልታ ከተማም በየፊናቸው ከፕሪምየር ሊጉ ቀጥሎ ባለው በከፍተኛ ሊግ ሲለፉ ነበር። አሁን አቅሙ አንድ ላይ ተሰብስቧል። ሱሉልታ ሯጮች ከየአቅጣጫው ተሰብስበው የሚለማመዱባት፣ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ የሠራባት ከተማ ናት፤ የሰው ሳንባ የሚፈተንበት ከፍታ ላይ ነች። በእንዲህ ያለ አካባቢ ሮጦ የማይደክም የመስመር ተጫዋች ፍለጋ ሩቅ መሄድ ቢያንስ ያስገርማል።

የአካባቢውን ልጅ ማቆየት የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከ2013 ጀምሮ የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ተራ በተራ ስለሚካሄዱ የሰበታና የቡራዩ ደጋፊ ክለቡን የሚያየው ባብዛኛው በቴሌቪዥን ነው። ሊጉ በዚያው ዓመት ከሱፐር ስፖርት ጋር የገባው የአምስት ዓመት ውል 22.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ከሊጉ የወረደ ክለብ ከዚህ ዓይነቱ ገቢ ይቆረጣል። ሜዳው ሩቅ፣ ተጫዋቾቹም በየዓመቱ አዲስ የሆኑበትን ክለብ ‘የኔ’ ለማለት ደጋፊው ምን ምክንያት አለው? የሰፈሩ ልጅ ሲሰለፍ ግን ሻይ ቤቱ ይሞላል።

‘ወጣት ይዘን ብንወርድስ?’ የሚል ፍርሃት አለ፤ ተገቢም ነው። ሊወርዱ ይችላሉ። ሰበታና ለገጣፎም ወርደዋል። ወጣቶቹን በረጅም ውል ይዞ የወረደ ክለብ ግን በከፍተኛ ሊግ የሚጫወት ቡድን አለው፣ ባዶ እጁን የወረደው ከአንድ መጀመር አለበት።

የሸገር ከተማ ክለብ ቦርድ ሰኔን መጠበቅ የለበትም። በየዓመቱ ከሚያዝያ በፊት የተጫዋቾቹን ስም፣ ዕድሜ፣ የውል ማብቂያና ያልተከፈለ ደመወዝ በአንድ ሰንጠረዥ አስፍሮ ጠረጴዛ ላይ ያውጣ። ዕዳውን መጀመሪያ ይክፈል፣ ከሃያ አንድ ዓመት በታች ላሉት የሦስት ዓመት ውል ያቅርብ፣ የሚሸኘውንም በክብርና በጊዜ ይሸኝ።