በፍሪ የወረደ መኪና ነዳጅ አላተረፈም

ትናንት ማታ አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። መንጃ ፈቃድ ያወጣው እኔ ጋ ሠልጥኖ ነው። አሁን አይሱዙ ይዞ ከላይ ጋይንት ድንች እየጫነ ባሕር ዳር ያራግፋል። ከሰላምታው በኋላ ትንሽ ፈራ ተባ አለና «ጋሼ፣ ባለ ንብረቱ ነዳጅ በዛ እያለ አስጨነቀኝ። ሌሎቹ ልጆች ከደብረ ታቦር በታች ፍሪ አድርገው ነው የሚለቁት። በማርሽ የምወርደው እኔ ብቻ ነኝ። እንደነሱ ላድርግ እንዴ?» አለኝ።

በማርሽ መውረዱን ከኔ እንዳልተማረ አውቃለሁ። ረዳት ሆኖ ሲሠራ ከአንድ ሽማግሌ ሾፌር ነው የያዘው። እኔማ ምን አስተማርኳችሁ? ሜዳ ላይ ስምንት ቁጥር፣ ወደ ኋላ ማቆም፣ ዳገት ላይ በግማሽ ፍሪሲዮን ማስነሳት። ፈተናው እሱን ስለሚጠይቅ እሱን አስተማርን። ቁልቁለት ይዤው የወረድኩ ተማሪ የለኝም። ይህን የምታነቡ ተማሪዎቼ፣ የጎደለውን ትምህርት ዛሬ በጽሑፍ ተቀበሉኝ።

አገራችንን ታውቋታላችሁ። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ነፋስ መውጫ 3,100 ሜትር አካባቢ፣ ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ። ከደብረ ታቦር ዓለም በርን አልፋችሁ ወረታ ስትደርሱ 1,800 ሜትር ላይ ናችሁ። በአርባ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 900 ሜትር ወረዳችሁ ማለት ነው። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ጨጨሆ አለ፣ ከጋሸና ወዲያ ድልብ አለ። ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ የሚገቡትን መንገዶች ጭነት ይዞ የሄደባቸው ይንገራችሁ።

አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። መኪናው ከነጭነቱ 100 ኩንታል ነው እንበል። ይህ ክብደት 900 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢለወጥ አንድ በርሜል ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፈዋል። ያ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መግባት አለበት። የተወሰነውን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬኑ። ፍሪ ካደረጋችሁ ሞተሩ ከሥራ ወጣ፤ በርሜሉን የምታፈሉት በፍሬን ሸራ ብቻ ነው። ሸራው ሲግል መያዝ ያቆማል። የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። የአየር ፍሬን ያለው መኪናም ፍሬኑን ደጋግመው ሲረግጡት አየሩን ይጨርሳል።

አጼ ቴዎድሮስ በ1860 ሴባስቶፖልን ከጋፋት ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በዚሁ በጋይንት፣ በጨጨሆ ነው ያለፉት። ወደ 70 ኩንታል የሚጠጋ ብረት! ሰው ሁሌ የሚያወራው ዳገቱን እንዴት እንዳወጡት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ቁልቁለቱ ነው፤ ከኋላ ሆኖ የሚይዝ ሰው ባይኖር መድፉ ገደል ነበር መድረሻው። ለኛ መኪና ከኋላ የሚይዘው ሰው ማርሹ ነው።

«ግን ነዳጅስ?» ትሉኛላችሁ። ባለ ንብረቶችም የምታነቡ ካላችሁ እዚህ ላይ አስተውሉ። በኢንጀክሽን የሚሠራ መኪና በማርሽ ሆኖ ከነዳጅ መስጫው ላይ እግር ሲነሣለት ነዳጁን ይዘጋል። ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ፍሪ ሲደረግ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ብሎ ነዳጅ ይጠጣል። የድሮ ናፍጣ መኪናም ቢሆን ፓምፑ ቁልቁለት ላይ በማርሽ ሲወርድ ነዳጁን ይቀንሳል። ሐቁን ለመናገር፣ ለጥ ባለ ረጅም ዝቅታ ላይ ፍሪ ያደረገ መኪና ራቅ ብሎ ስለሚንከባለል ጥቂት ሊቆጥብ ይችላል። ፍሬን በሚያስረግጥ ቁልቁለት ግን ቁጠባ የሚባል ነገር የለም። ሸራና ጎማ ደግሞ ከናፍጣ ይወደዳል።

የራሴን ልንገራችሁ። ይህንን ለብዙዎቻችሁ ነግሬ አላውቅም። ከሃያ ዓመት በፊት ነው፣ ባለ ንብረቱ ነዳጅ ለክቶ የሚሰጠኝ ጊዜ። እህል ጭኜ ወደ ወልድያ ስሄድ ድልብን በፍሪ ለቀቅኩት። ደስ ሲል! ጸጥ ያለ፣ የሚንሸራተት። ሦስተኛው ኩርባ ላይ የተቃጠለ ሸራ ሸተተኝ። አራተኛው ላይ ፔዳሉ ወለሉን ነካ። ሦስተኛ ማርሽ ላስገባ ብል ካምቢዮው ጮኸብኝ እንጂ አልገባም፤ መኪናው ፈጥኗል፣ ሞተሩ ተኝቷል፣ ጥርሶቹ እንዴት ይገናኙ? ረዳቴ ታኮ ይዞ ዘለለ። እኔ መኪናውን ወደ ተራራው በኩል አስጠግቼ ቦዩ ውስጥ ጨመርኩት። እኔ ግንባሬን ተሰነጠቅሁ፤ ረዳቴ ግን እግሩ ተሰበረ። ዛሬም ሲራመድ ያነክሳል። የዚያን ቀን ላተርፍ የነበረውን ነዳጅ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩት፤ ሁለት ሊትር አይሞላም።

ስለዚህ አወራረዱ እንዲህ ነው። ማርሹ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ አናቱ ላይ፣ መኪናው ቀስ ብሎ ሳለ ነው። መሃል ላይ እቀንሳለሁ ያለ እንደኔ ይሆናል። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት የድሮ ሾፌሮች ትክክል ናቸው። የዛሬ መኪና ግን ጉልበታም ስለሆነ ዳገቱን በአራተኛ ይወጣዋል፣ በአራተኛ ግን አይያዝም፤ አንድ ቀንሱለት። የትኛው እንደሚበቃ መኪናው ራሱ ይነግራችኋል። ነዳጅ ሳትሰጡ ፍጥነቱ ባለበት ከቆመ ማርሹ ልክ ነው። እየጨመረ ከሄደ ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ረግጣችሁ አብርዱትና አንድ ቀንሱ። ከዚያ እግራችሁን ከፍሬኑ ላይ አንሡ፤ ጠንከር አድርጎ ረግጦ መልቀቅ ነው እንጂ እስከ ታች እያሹ መውረድ ሸራውን ይጠብሰዋል። ጭስ ማውጫውን አንቆ የሚይዘው ፍሬን ካለው እሱን አብሩት፤ እሱም ቢሆን ማርሽ ካልገባ አይሠራም።

ፍሪሲዮኑን ደግሞ አትርሱ። ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን ረግጦ የሚወርድ ሾፌር ብዙ አይቻለሁ። ያም ፍሪ ነው፣ ስሙ ብቻ ተለወጠ። ሞተር አጥፍቶ ስለሚወርደው ምን ልበል! ያ ሰው ፍሬኑንም መሪውንም የሚያግዘውን ኃይል አብሮ ነው ያጠፋው።

ማርሽ እምቢ ካለስ? ኤንትሬ የነዱ ሰዎች ያሳዩን ዘዴ አለ። ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ማውጣት፣ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ፣ ነዳጅ ሰጥቶ ሞተሩን ማስጮህ፣ እንደገና ረግጦ ዝቅ ያለውን ማርሽ ማስገባት። ሞተሩ ሲፈጥን ጥርሶቹ እኩል ይዞሩና ይገባል። ይህንን ግን ሰላም ባለበት ቦታ ተለማመዱት፤ ድልብ ላይ አይለመድም።

አንዳንዶቻችሁ «ጋሼ፣ ዘመኑ እኮ የኤሌክትሪክ ነው፣ ማርሽ ቀረ» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። አይሱዙው ግን ገና ብዙ ዓመት ይወጣል ይወርዳል። የኤሌክትሪኩም ቢሆን ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ነው ወደ ኋላ እየያዘ ባትሪ የሚሞላው፤ ፍሪ ካደረጋችሁት እሱም ይለቃል። ባትሪውን አናት ላይ ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ ከተነሣችሁም የሚያስገባበት ስለሌለው አያያዙ ይደክማል። የእንግሊዞች የመንገድ ደንብ ቁጥር 122 በፍሪ ከመሄድ ያስጠነቅቃል፤ አገራቸው ደግሞ የኛን ያህል ገደል የለውም።

የሚያናድደኝ ሾፌሩ አይደለም። ሾፌሩ በሊትር እየተለካ እንጀራው በሌላ ሰው እጅ ነው። ባለ ንብረቱ ጎበዝ ከሆነ ሾፌሩን ነዳጅ ብቻ ሳይሆን በዓመት ስንት ሸራ እንደቀየረም ይጠይቀው። ማሠልጠኛዎችም ሠልጣኙን አንድ ቀን እንኳ ቁልቁለት ይዘውት ይውረዱ። ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጦ ቁልቁለት አጣሁ ማለት አይቻልም።

ለልጁ ያልኩት ይህንኑ ነው፣ ያውም አጠር አድርጌ። «ባለ ንብረቱን እኔ ላናግረው?» ብለው «አይ ጋሼ፣ ራሴ እነግረዋለሁ» አለኝ። ዛሬ ጠዋት ጭነት ላይ እንደሆነ ጻፈልኝ። ምን እንደተባለ ግን አልነገረኝም።