ኩላሊቴን መቼ አልኩ?

አክስቴ ደረቷን ሲያቃጥላት ሁለት ቀን ሙሉ በጨጓራ አሳበበች። ተልባ ጠጣች፣ በርበሬ ተወች። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ላብ ሲያጠምቃት ነው ይዘናት የሮጥነው። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባው ፕሮቲን፣ ትሮፖኒን የሚሉት፣ ከፍ ብሎ ተገኘ። «ሃርት አታክ ነው» ተባልን።

ከዚያ ወዲያ ዘመድ አዝማዱ የሚጠይቀው ስለ ትሮፖኒን ብቻ ሆነ። ወረደ? ወጣ? እዚያው ወረቀት ላይ ትንሽ ዝቅ ብሎ «ክሬቲኒን 1.2» ይላል። ከጎኑ የታተመው ጤናማ ልክም እስከ 1.2 ነው። ኮከብ የለበት፣ ቀስት የለበት፤ ማን ልብ ይለዋል?

ተረኛው ሐኪም አለው። ስልኩን አውጥቶ 70 ዓመት፣ ሴት፣ 1.2 ብሎ አስገባና በእስክሪብቶ ወረቀቱ ጥግ ላይ 49 ጻፈ። የኩላሊቷ የማጣራት አቅም በግምት ያ ነው። ይኸው 1.2 የ30 ዓመት ጎረምሳ ላይ ቢገኝ 83 ገደማ ይመጣ ነበር። ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው፤ እንደ አክስቴ ሥጋዋ ያለቀ ሴት ኩላሊቷ እየደከመም ወረቀቷ ደህና ይመስላል።

«ልጄ፣ እኔ ልቤን አልኩ እንጂ ኩላሊቴን መቼ አልኩ?» አለችው።

ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያመላለሰውን እያልን ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ የምንጠራ ሰዎች፣ ሆስፒታል ስንገባ ማለያየታችን ይገርመኛል። ቫሊያንት ከተባለው ሙከራ የወጣና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ሃርት አታክ ይዟቸው ልባቸው የተዳከመ 14,527 ሰዎችን ተከታትሏል። የማጣራት አቅማቸው ከ81 በታች በ10 በወረደ ቁጥር፣ የመሞት ወይም ሌላ ከባድ የልብና የደም ሥር ችግር የመግጠም ዕድላቸው 10 በመቶ ያህል ይጨምር ነበር። የደከመ ልብ ለኩላሊት የሚልከው ደም ያንሳል፤ የደከመ ኩላሊት ደግሞ ውሃና ጨው አጠራቅሞ መልሶ ልብን ያስጨንቃል። ትሮፖኒኑ ራሱ ያለ ኩላሊት አይነበብም፦ ኩላሊቱ ክፉኛ የታመመ ሰው ሃርት አታክ ሳይዘውም ከፍ ብሎ ሊቆይበት ስለሚችል፣ ሐኪሞች በሰዓታት ልዩነት ደግመው ይለካሉ።

ታዲያ ላብራቶሪዎች ያንን ስሌት ከክሬቲኒን ጎን ማተም ምን ያስወጣቸዋል? የሚያትሙ አሉ፣ እሰየው። የቀሩትስ? ዕድሜና ጾታ ወረቀቱ አናት ላይ ተጽፏል፤ ቀመሩ በነጻ ይገኛል። የአክስቴ 49 የተገኘው ሐኪሙ ስልኩን የማውጣት ጊዜ ስላገኘ ነው። ያን ሌሊት ወረፋው ቢበዛስ ኖሮ?

«እማማ፣ የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?» አላት።

«ምንም።»

ትንሽ ቆይታ ትራሷ ሥር ያለውን ነጠላ ሳበችና የጫፉን ቋጠሮ ፈታች። ግማሹ ያለቀ ዲክሎፌናክ፤ ልብንም ኩላሊትንም የሚጎዳው፣ ከየመድኃኒት ቤቱ ያለ ማዘዣ የምንሸምተው።

«ይቺ እንኳ» አለችው፣ «የጉልበቴ ናት።»