ምድጃው በጮኸ ቁጥር ጥፋቱ የእኛ ነው ወይ?

ባለፈው ስንሰበሰብ ያነሳነው ስለ ደመወዝ መቆረጥ ነበር። የተሰበረ ብርጭቆ፣ በካውያ የተቃጠለ ልብስ ይነሳል ብዬ ስጠብቅ ሦስት እህቶች ያወሩት ስለ አንድ ዕቃ ሆነ፤ እዚህ ፉርን ስለሚሉት፣ ቁልፉ በጣት ስለሚነካው ምድጃ። ቁልፉ እንቢ አለ፣ ውኃ አፍስሰሽበት ነው ተባሉ፣ ከደመወዛቸው ተያዘ። ታድያ ምን አላችሁ ተብለው ሲጠየቁ ሦስቱም ዝም አልን አሉ።

እኔ ዝምታውን አልደግፍም። ከማዳም ጋር ተጨቃጨቁ ማለቴም አይደለም። ግን ከጠዋት እስከ ማታ ከዚያ ምድጃ ፊት የምንቆመው እኛ ነን፤ ለምን እንደሚጮህ ማወቅ ያለብንም እኛ ነን። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው መብራቱ ነው እንጂ የሠራተኛዋ እጅ አይደለም።

የኤደንን መብራት ታውቁታላችሁ። ላሲ፣ ጣፊ፣ ላሲ፣ ጣፊ። ሙቀቱ ሲብስ ደግሞ ከሚበራበት የሚጠፋበት ሰዓት ይበልጣል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የከተማዋ ሴቶች ራሳቸው መረራቸውና ኮርማክሳር አደባባይ ወጥተው ስለ መብራት ጮኸዋል። ባለቤቶቹ እንዲህ ያማረሩበት መብራት ወጥ ቤት ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ግን ማንም አይጠይቅም። መብራት ተመልሶ ሲመጣ አንዳንዴ ከልክ በላይ ሆኖ ነው፣ አንዳንዴ ደክሞ። አምፖሉ ሲፈዝ፣ ድንገት ሲቦግ አይታችኋል። ከምድጃው ቁልፍ ጀርባ ያለው ካርድ እንደ ሬዲዮ ሆድ ዕቃ ነው፣ ያንን ሁሉ አይችልም። ከዚያ የባሕሩ አየር አለ። ክሬተርም ሆነ ተዋሂ የመስኮት ብረት እንዴት ዝጎ እንደሚላላጥ የምናየው ነው፤ ብረቱን እንዲህ ያደረገ አየር ስስ ሽቦን ምን ያደርገው ይመስላችኋል?

ቁልፉ እንዴት እንደሚሠራ አንድ ጠጋኝ ከፍቶ ሲያሳየኝ ገርሞኝ ነበር። እኔ ከባድ ነገር መስሎኝ! ሁለት ስስ ፕላስቲክ ናቸው፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተነጠፈ፣ መሐሉ ትንሽ ክፍተት ያለው። በሁለቱም ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ መስመር ተስሏል። ስትጫኚው ሁለቱ ይነካካሉ፣ ስትለቂው ይለያያሉ። በቃ። እንፋሎት ወይ ቅባት በዳር በኩል ከገባ ወይ ፕላስቲኩ ካረጀ ተጣብቀው ይቀራሉ። ያን ጊዜ ምድጃው ሰው ቁልፉን ተጭኖ አልለቅ ያለው ይመስለዋል፤ ጢጥ ጢጥ እያለ ፊደልና ቁጥር ያወጣል። ፍሪጅዴር ላይ ኤፍ 11፣ ጀነራል ኤሌክትሪክ ላይ ኤፍ 7 የሚለው ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው። በቀን አሥር ጊዜ የሚጫኑት ቁልፍ ደግሞ ያልቃል። ጫማ ስላለቀ እግር ሲከሰስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሊጫኑት የተሠራ ነገር በመጫን ሲያልቅ ዕዳው የባለዕቃው ነው ባይ ነኝ።

ተበላሸ ከሚባለው ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ያልተበላሸ ሞልቷል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ ዜሮ ወይ 12 ላይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል። ብዙ የጣሊያንና የቱርክ ምድጃዎች ሰዓቱ ካልተሞላ ኦቨኑን አያሞቁም፤ ቁልፉ ቢዞር፣ ቢጫኑት ዝም ነው። የእጅ ሥዕል ያለበትን ቁልፍ መንካት፣ እሱ ከሌለ መሐል ያሉትን ሁለቱን አንድ ላይ ተጭኖ በመደመርና በመቀነስ ምልክቱ ሰዓቱን መሙላት ነው። ከአንዱ ምድጃ አንዱ ይለያያል፣ ግን ዘመድ ናቸው። ሌላው የልጆች መቆለፊያው ነው። የቁልፍ ወይ የጓጉንቸር ሥዕል በርቶ ካያችሁ ልጅ ነክቶት ወይ እናንተው ስትወለውሉ ነክታችሁት ተቆልፏል፤ ያንኑ ሥዕል ለጥቂት ሴኮንድ ተጭኖ መያዝ ይፈታዋል። ለዚህ ጠጋኝ ተጠርቶ፣ ገንዘብ ተከፍሎ፣ ያ ገንዘብ ከሠራተኛ ሲቆረጥ ያንገበግባል።

ከሳዑዲ የመጣ ምድጃ ያለበት ቤት የምትሠሩ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የሳዑዲ መብራት በሴኮንድ 60 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፣ የየመን 50። አንዳንዱ ምድጃ ሰዓቱን የሚቆጥረው በመብራቱ ምልልስ ስለሆነ እዚህ ሲመጣ ይዘገያል። አንድ ሰዓት ብላችሁ የሞላችሁት 72 ደቂቃ ይሆናል። ኬክ አሳረርሽ የተባለች ሁሉ በስልኳ ሰዓት ትለካውና ትይ።

የእኛ ድርሻ የለም አልልም። የጽዳት ፈሳሹን ቀጥታ ቁልፎቹ ላይ መርጨት መጥፎ ነው፤ ጨርቁ ላይ ረጭቶ፣ ጨምቆ፣ ከዚያ በደረቅ መጥረግ ነው። መስታወት የሆነው፣ ሳይጫኑት ሲነኩት ብቻ የሚሰማው ዓይነት፣ ጠብታ ውኃም ጣት ይመስለዋል። ከድስት የሚወጣው እንፋሎት ቁልፎቹ ላይ እንዳያርፍ ድስቱን ወደ ኋላኛው ማድረግ ይረዳል፣ ቁልፎቹ ከፊት ከሆኑ ማለት ነው።

አልሠራ ካለ፣ ጠርጋችሁ አድርቃችሁ ከባልቦላው ለአሥር ደቂቃ አጥፉትና መልሳችሁ አብሩት። ካርዱ ግራ ተጋብቶ ከሆነ ይመለሳል። ያው ቁጥር ተመልሶ ከመጣ ግን የእናንተ ሥራ እዚያ ላይ ያበቃል። ብሎን መፍታት የለም! ውስጡ የሚገድል ኤሌክትሪክ ነው፣ ለማዳም ምድጃ አይሞትም። ኦቨኑ ማንም ሳይነካው ራሱ መጋል ከጀመረ ማዳምን ፈቃድ ሳትጠይቁ ባልቦላውን አጥፉ፣ ከዚያ ንገሯት። ከላይ በጋዝ የሚሠራውን መብራት ሲጠፋ በክብሪት መለኮስ ይቻላል፤ ክብሪቱ ይቅደም፣ ጋዙ ይከተል። በኤሌክትሪክ የሚለኮሰውን ኦቨን ግን በክብሪት አትሞክሩት።

አንዳንድ እህቶች "አትንኪው፣ አላውቅም በይ፣ ከነገር ትድኛለሽ" ይላሉ። ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ የነካ ሁሉ በሚከሰስበት ቤት እጅን መሰብሰብ ብልኅነት ነው። ግን እስካሁን "አላውቅም" ያለችው ስትድን አላየሁም። ማዳም ዘንድ "አላውቅም" ማለት "እኔ ነኝ ያበላሸሁት" ሆኖ ነው የሚሰማው። ሦስቱም እህቶች የተቆረጠባቸው ዝም ብለው ነው።

ሕግ ያድነናል እንዳንል፣ በ1995 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የወጣው የየመን የሥራ ሕግ ቁጥር 5 የቤት ሠራተኛን ከውጭ ነው የተዋት። የአገራችን አዋጅ 923 ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ሲወጣ ለሥራ ወደ ውጭ የምትሄድ ሰው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ አዞ ነበር። ጥሩ ነው። እኛ ግን አብዛኞቻችን በባሕር ነው የመጣነው፤ በጀልባ ላይ ስለ ኦቨን ያስተማረን የለም። ስለዚህ ከኛ አንዷ ያወቀችውን ለሌላዋ ብትነግር ነው የሚሻለው።

ማስረጃ ያዙ። ስልክ የሚፈቀድላችሁ የወጣውን ቁጥር ፎቶ አንሱት። የማይፈቀድላችሁ መብራት የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት፣ ምድጃው የጮኸበትን ሰዓትና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ። ማዳም ሳትደርስበት ቀድማችሁ ንገሯት፦ "ከህረባ ጣፊ፣ ባዕደን ላሲ፣ ባዕደን ፉርን ኸርባን።" ሰዋስዉ ቢሰበርም ነገሩ ይገባታል። ስታቢላይዘር ቢገዛ ከአዲስ ምድጃ እንደሚረክስም ጣል አድርጉባት።

ጠጋኙ ሲመጣ ሻይ አፍሉለትና ከወጥ ቤት አትውጡ። ሲጨርስ ማዳም ባለችበት "ሌሽ ኸርባን?" ብላችሁ ጠይቁት። "ሚን ከህረባ" ካለ ከመብራቱ ነው፣ "ሚን ሩጡባ" ካለ ከእርጥበቱ ነው። ማዳምም ከእሱ አፍ ሰማችው ማለት ነው።